ዛንዚባር ከሦስት ልጅና ከእማማ ጋር፦ ሰሜን ወይስ ምሥራቅ? ሆቴል ወይስ ቤት?

የሦስቱ እናት · ግንቦት 6

ሰላም የጅማ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ባለቤቴ «ልጆቼን ባሕር ሳላሳይ አላረጅም» ብሎ ከማለ ሦስት ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰውና መሐላው መጣበት። ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ስድስት ነን። እኔ፣ እሱ፣ የ11 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ7 ዓመት ወንድ፣ ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት እሳት፣ እና አማቴ። እማማ 68 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አይወድም። ባሕሩንም «ከሩቅ አየዋለሁ፤ እግሬን ግን አላስነካውም» ብለው ከወዲሁ አስታውቀዋል።

የምንሄደው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለስምንት ሌሊት ነው። ሁለት ማረፊያ ይዤ ሳምንቱን ሙሉ ሳገላብጥ ከረምኩ።

አንዱ ሰሜን ጫፍ፣ ኑንግዊ ላይ ያለ ትልቅ ሆቴል ነው። መዋኛ ገንዳ አለው። ቁርስና እራት ዋጋው ውስጥ ነው። ግን ሁለት ክፍል መያዝ አለብን፤ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ለመሆናቸውም ቃል አይገቡም።

ሌላው ምሥራቅ ዳር፣ ጃምቢያኒ ላይ ያለ ሙሉ ቤት ነው። ሦስት መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ ግቢ። ዋጋው ከሆቴሉ ይቀንሳል። ፎቶው ላይ ባሕሩ በሩን ሊያንኳኳ የደረሰ ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ቤቱ አድልቷል። ምክንያቱ እማማ ናቸው። ዛንዚባር ስንላቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ቡናው የት ይፈላል?» ብለው ነው።

የሄዳችሁ ካላችሁ አንድ በሉኝ።


ቦዬ ዳር · ግንቦት 6

ውሃ ከሆነ የፈለግሽው እዚሁ ጅማ ቦዬ አለልሽ። ባጃጅ ያደርስሻል፤ ጉማሬው በነፃ ነው።


የሒርማታ ልጅ · ግንቦት 6

እህቴ፣ ፎቶውን አትመኚ። እኔም ፎቶ አይቼ ነው የተሸወድኩት።

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ምሥራቅ ዳር አንድ ቤት ያዝን። የደረስነው ማታ ነው። ባሕሩ በረንዳው ሥር ሲያጉረመርም አደረ። ልጆቹ በደስታ እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ጠዋት ትንሹ መጋረጃውን ገልጦ «አባዬ፣ ባሕሩን ወሰዱት!» አለ። ወጥቼ ሳይ እውነቱን ነው። ባሕር የለም። እስከ ዓይን ጥግ እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣር፣ እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ። ነጩ የማዕበል መስመር ሩቅ፣ ኮራል ድንጋዩ ጋ ብቻ ይታያል። ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ በተተከለ ችካል መሃል ጎንበስ ብለው የባሕር አረም ይሰበስባሉ። እኛ የዋና ልብሳችንን ለብሰን፣ ፎጣ ትከሻችን ላይ ጥለን ቆመናል።

ለካ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ዛሬ ረፋድ ላይ ከዋኛችሁ፣ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት የምታገኙት አሸዋ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፤ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። አራት ሜትር ከፍታ ነው የምልሽ። ምሥራቁ ዳር መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ሲወርድ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ይሸሻል።

«እንግዲያው ሄደን እንድረስበት» ብለን ስንሄድ ልጄ ጥቁር፣ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ ነገር ረገጠ። የቤቱ ጥበቃ በመርፌ፣ አንድ በአንድ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ አወጣለት። ከዚያ በኋላ ልጁ ባሕር ሲባል እግሩን ይሰበስባል።

ኑንግዊና አጠገቡ ያለው ኬንድዋ እንዲህ አይደሉም። ውሃው ቢጎድልም ቅርብ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል ይዋኛል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ዳሩን እመርጣለሁ፣ ቤቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።


የሦስቱ እናት · ግንቦት 6

«ባሕሩን ወሰዱት» የሚለውን ለባለቤቴ አንብቤለት ሻዩ ትን አለው። ልጅህ አሁን ደህና ነው?


የሒርማታ ልጅ · ግንቦት 7

ደህና ነው። አሁን እንደ ጀግንነት ነው የሚያወራው።


ጋሼ መንገደኛ · ግንቦት 7

ልጄ፣ የሒርማታው ወንድማችን ያየው እውነት ነው። ግን አንድ ወገን ነው።

እኔ ልጆቼን ይዤ ሁለቱንም ዳር አይቻለሁ። ውሃው ሲጎድል የሚቀሩት ኩሬዎች ለሁለት ዓመት ተኩሏ ከየትኛውም ገንዳ ይሻላሉ። ቁርጭምጭሚት የማያልፍ፣ ሞቅ ያለ፣ ሸርጣንና ትንንሽ ዓሣ የሚሯሯጥበት ውሃ ነው። የውሃ ጫማ አድርጉላት እንጂ ቀኑን ሙሉ አትወጣም። ሰሜኑ ዳር ለዋና የተመቸ ነው ማለት ቶሎ ይጠልቃል ማለትም ነው። ለ11 ዓመቷ ግሩም፣ ለትንሿ ዓይን የማይነቀልበት።

ምሥራቁን የማልመክርሽ በሌላ ምክንያት ነው። ሐምሌ ስትዪ የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት ነው። እነሱ ኩሲ ይሉታል። ምሥራቁን ዳር ፊት ለፊት ነው የሚመታው። ፓጄ ላይ በጨርቅ ክንፍ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱት ፈረንጆች የሚጎርፉትም ለዚሁ ነፋስ ብለው ነው። ለእማማ ጉልበትና ጆሮ አይስማማም። ጀበናውም ከሰል ላይ አይቀመጥም።

ወቅቱ ግን ጥሩ ነው። እኛ ጅማ ክረምት ስንደበደብ እዚያ ደረቅ ነው። ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሐምሌ የዓለም ሰው ሁሉ የሚሄድበት ስለሆነ ግን ቶሎ ያዙ።

የኑንግዊንም ጉድ ልንገርሽ። ሰው ይበዛል። አሸዋው ላይ አሥር እርምጃ ሳትሄጂ ሦስት ወጣት ጀልባ፣ ዶቃና ሥዕል ሊሸጥልሽ ይከተልሻል። ክፉዎች አይደሉም፤ በአክብሮት «አሳንቴ» ብለሽ ማለፍ ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ደግሞ ኬንድዋ ላይ እስከ ንጋት ጭፈራ አለ። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥሽ በፊት ጨረቃዋን እይ። ለባሕሩም ለእንቅልፍሽም።


ቦዬ ዳር · ግንቦት 7

ጋሼ፣ ለዕረፍት መሄድ ነው ወይስ ባሕረ ሐሳብ መማር?


ነርሷ ከቂጦ · ግንቦት 7

ስለ ዳሩ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ገንዳው ልናገር።

ወላጅ ባሕር ዳር ሲቀመጥ ዓይኑ ልጁ ላይ ነው። ገንዳ ዳር ግን ስልኩ ላይ ነው። ልጅ ሲሰምጥ ደግሞ እንደምናስበው አይጮኽም፣ አያንቦጫርቅም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ስለዚህ «ገንዳ አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ገንዳው አጥር አለው? በሩ በራሱ ይዘጋል? ከክፍላችሁ በር እስከ ገንዳው ስንት እርምጃ ነው? የልጆች ጥልቀት ያለው ለብቻው ነው ወይስ ከትልቁ ጋር የተያያዘ? ፎቶ ይላኩልሽ። እሳት የሆነች የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ላላት ሰው አጥር ከሌለው ገንዳ ጭራሽ ገንዳ የሌለው ማረፊያ ይሻላል።

ሌላው ርቀት ነው። ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ምናዚ ምሞጃ አሮጌው ከተማ፣ ስቶን ታውን ነው። ከኑንግዊ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ቅርብ ክሊኒክ የት እንዳለ ማረፊያውን ጠይቂ። የእማማን መድኃኒት ለስምንት ቀን ሳይሆን ለአሥራ አምስት ያዢ።

የቢጫ ወባ ክትባት ለመጨረሻ ሳምንት እንዳታቆዩት። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው ታንዛኒያ ሲገባ ካርዱን ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚሠራው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። እማማ በዕድሜያቸው ምክንያት መጀመሪያ ሐኪም ያነጋግሩ። ወባው እዚያ ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አልጋው ሁሉ አጎበር አለው ወይ በዪ። የልጆቹም አልጋ ጭምር፤ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ፍራሽ ሲያነጥፉ አጎበሩን ይረሱታል።


የሦስቱ እናት · ግንቦት 8

ነርሷ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብኩት። ትናንት ማታ ለሆቴሉ ጻፍኩ። ገንዳው አጥር የለውም። «እንግዶቻችን ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ» አሉኝ። እሱማ እኛም ለመጠበቅ አስበን ነበር።


አጂፕ ሰፈር · ግንቦት 8

ስለ ብር እኔ ልበል፤ ማንም አላነሳውም።

አንደኛ፣ የማረፊያውን ዋጋ ስታዪ አንድ ሰው በሌሊት የሚከፍለው ቀረጥ ውስጡ ይኑር አይኑር ጠይቂ። ስድስት ሰው በስምንት ሌሊት ሲባዛ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ዜጋ የእነሱን የመድን ድርጅት ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታው ነው። በፈረንጅ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ነው የተጀመረው። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ለልጅ ግማሹ። ሌላ የጉዞ ዋስትና ቢኖርሽም አይቀርልሽም። ሦስተኛ፣ የታንዛኒያ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ክፍያ እንዳትከፍዪ። ትንሽ ቢወደድም በነፃ የሚሰረዘውን ያዢ።

እኔን የጎዳኝ ግን ምግቡ ነው። «ቁርስ ብቻ» የሚለውን ርካሽ ብዬ ያዝኩ። ባሕሩ ዳር ያሉት ምግብ ቤቶች ለቱሪስት ነው የሚሠሩት። አራት ልጅ ይዤ በየምሳውና በየእራቱ ሂሳብ ሲመጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ወይ ቁርስና እራት ያለበትን ያዙ፣ ወይ ወጥ ቤት ያለውን። መሃሉ ኪሳራ ነው።


የመርካቶዋ · ግንቦት 8

አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። መርካቶ ስል የጅማውን ነው፤ የአዲስ አበባዎቹ እንዳትቆጡ።

እኔ ከእናቴና ከእህቴ ልጆች ጋር ሄጃለሁ። ሁሉም ስቶን ታውን እደሩ፣ ታሪክ ነው ይሉሻል። ታሪክማ ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበው በፈረንጅ 2000 ነው። ግን የድሮ ቤቶቹ ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። እናቴ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ «ሻንጣዬን ላኩልኝ፣ እኔ አልወርድም» አለች። እማማን አታሳድሪያቸው፤ በቀን ወስደሽ መልሻቸው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይሁን፣ የሰዉ አገር ወግ ነው።

ለእማማ የምመክርሽ የቅመም እርሻውን ነው። ቅርንፉድ ዛፉ ላይ፣ ቀረፋው ከግንዱ ሲላጥ፣ ቁንዶ በርበሬው ሐረግ ላይ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የከሰከሰችውን ቅመም እዚያ ነው መጀመሪያ ቆሞ ያየችው። ለልጆቹ ጆዛኒ ጫካ አለ፤ ቀይ ጀርባ ያለው ጦጣ ነው፣ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ። ሌላ አገር አይገኝም። ቻንጉ የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ ከሲሸልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፤ ጀልባ ግን ይጠይቃል።

አንድ ደስ የሚል ነገር። ስዋሂሊዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው። ንጋት ላይ አንድ ሰዓት ሲሉ የእኛው አንድ ሰዓት ነው። ከፈረንጅ ጋር ሲያወሩ ግን በፈረንጅኛው ይቀይሩታል። አንቺን በየትኛው እንደቆጠሩልሽ ሳታረጋግጪ ሾፌር እንዳትቀጥሪ። እኛን አንዱ ሾፌር ስድስት ሰዓት አስጠብቆናል፤ እሱም በበኩሉ ስድስት ሰዓት ጠብቆናል።


ቦዬ ዳር · ግንቦት 8

ይኼኛውስ ጥሩ ነው።


የሒርማታ ልጅ · ግንቦት 9

አንድ የረሳሁት። «የቤተሰብ ክፍል» የሚለውን ቃል አትመኚው። አንዳንዱ ጋ በር ያላቸው ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዳንዱ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ የተከመረ ፍራሽ ነው። በር አለው ወይ በዪ። እና ሶኬታቸው የእንግሊዝ ዓይነት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ነው፤ የእኛ ቻርጀር አይገባም። ማገናኛ ከአዲስ አበባ ገዝታችሁ ሂዱ።


የሦስቱ እናት · ግንቦት 15

ወገኖቼ፣ ቆረጥኩ። ሁለቱንም ተውኳቸው።

እናንተ የነገራችሁኝን ሁሉ ጻፍኩና ለስምንት ማረፊያዎች አንድ ዓይነት መልእክት ላኩ። ምድር ቤት ነው? በር ያላቸው ሁለት መኝታ አለው? ወጥ ቤት አለው? አጎበር በየአልጋው? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር? የቧንቧው ውሃ ጨዋማ ነው? ግቢ ውስጥ ከሰል ማያያዝ ይፈቀዳል? መልሳቸው ራሱ ብዙ ነገር ነገረኝ። ሦስቱ አልመለሱም። ሁለቱ «ሁሉም አለ፣ ማዳም» ብለው ብቻ ጻፉ። አንዷ ሴትዮ ግን ቁጥር በቁጥር መለሰችልኝ። ውሃው ትንሽ ጨዋማ ነው አለች። ጄኔሬተሩ ይጮኻል አለች። ከባሕሩ አራት ደቂቃ በእግር ነው፣ ከመስኮት አይታይም አለች። ገንዳ የለም። ስለ ከሰሉ ደግሞ «ለምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ስነግራት «ታዲያ እኔንም ትጠሩኛላችሁ» አለች።

እሷ ጋ ያዝን። ኑንግዊ ነው። ጋሼ፣ ጨረቃዋንም አይቻለሁ፤ ሙሉ ሳትሆን እንመለሳለን። እማማም ፍልሰታ ነሐሴ 1 ሳይገባ ቤታቸው ይደርሳሉ፤ እሱ ዋናው ቅድመ ሁኔታቸው ነበር።


ጋሼ መንገደኛ · ግንቦት 15

ጉድለቷን ቀድማ የነገረችሽ ሴት ጥሩ ናት። በሰላም ያግባችሁ።


የሦስቱ እናት · ሐምሌ 27

ተመለስን። ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና ሄደን አንድ ሌሊት አደርን። ከዚያ በቀጥታ በረራ ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትንሿ ከአዲስ አበባ እስከ ዛንዚባር ተኛች፤ ከአየር ማረፊያው እስከ ኑንግዊ ግን አለቀሰች። መንገዱ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ማታ የምትደርሱ ከሆነ ሾፌሩን ማረፊያው እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ጥሩ ያልነበረው፦ ውሃው እንደተባለው ጨዋማ ነው። ሳሙና አረፋ አይወጣውም፤ የትልቋ ልጄ ፀጉር ሦስት ቀን አኮረፈ። አንድ ሌሊት ጎረቤት ሙዚቃ እስከ ሰባት ሰዓት ጮኸ። ባሕሩን ለማየት በተነሣን ቁጥር አራት ደቂቃ መሄድ፣ ያውም ፎጣ፣ ባልዲ፣ ውሃና ሕፃን ተሸክሞ፣ መጀመሪያ ላይ አበሳጭቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ገባኝ። በር ስከፍት ውሃ የለም። ስለዚህ ምሳ ሳበስል ልቤ አልተሰቀለም። ትንሿ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ዶሮ ስታባርር ትውላለች።

የ7 ዓመቱ ባሕሩን ቀምሶ «ማን ነው ጨው የጨመረበት?» አለ። እስካሁን መልስ አልሰጠነውም።

ባለቤቴ እንጨት ሠሪ ነው፤ በርጩማና ወንበር። ለልጆቹ ብሎ ምሎ የመጣው ሰውዬ ልጆቹን ለእኔ ትቶ ጠፋ። ኑንግዊ ዳር ላይ ትልልቅ የእንጨት ጀልባ በእጅ ይሠራሉ። ሄጄ ሳገኘው አንድ ሽማግሌ አናጢ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሰውየው በሁለት ጣውላ መካከል ያለውን ክፍተት በመዶሻና በስለት ጥጥ ይጠቀጥቃል። ባለቤቴ ስዋሂሊ አያውቅም፤ ሰውየው አማርኛ አያውቅም። ባለቤቴ ጣቱን ስፌቱ ላይ ያስኬዳል፤ ሽማግሌው ራሱን ይነቀንቃል። አራት ቀን እዚያ ዋለ።

እማማ ቃላቸውን አላጠፉም፣ እግራቸውን አላስነኩም። ግን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ቡና ግቢው ውስጥ ይፈላል። የማረፊያው ባለቤት ሴትዮ መጣች። ቀጥሎ ጥበቃው መጣ። በአምስተኛው ቀን ከጎረቤት ግቢ ሁለት ሴቶች የራሳቸውን ሲኒ ይዘው መጡ። እማማ ከቅመም እርሻው ባመጡት ቅርንፉድ ሁለተኛውን አፈሉ። «ቶናው በረታ» ብለው ራሳቸው ሳቁ።


ነርሷ ከቂጦ · ሐምሌ 27

እሾህ የረገጠ አለ?


የሦስቱ እናት · ሐምሌ 27

የለም። የውሃ ጫማ ለሁሉም ገዝቼ ነበር። ባለቤቴ አላደርግም አለ፤ ግን እሱ መቼ ውሃ ገባና።


ቦዬ ዳር · ሐምሌ 28

እሺ ተሸነፍኩ። የማረፊያውን ስም በውስጥ ላኪልኝ። ለታኅሣሥ ነው።


የሦስቱ እናት · ሐምሌ 28

ላኩልህ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ትንሹ ዝናባቸው ሳይጨርስ እንዳትሄድ፣ ወደ ጥር ግፋው። እና በስተቀኝ ያለው ክፍል አጎበር ቀዳዳ አለው። መርፌና ክር ያዝ።